ሁለተኛው አውጫጭኝ

ባሌ ሌባ ነው። ሌላ ሰው ሲናገረው ስለሚያናድደኝ እኔው አስቀድሜ ልናገረው። አንዲት ቀፎ ሰርቋል። የሰረቀውም ለእኔ ነው። ነፍሰ ጡር ነበርሁ፤ ማር አማረኝ እያልሁ ሳምንት ሙሉ ስነዘንዘው ከረምሁ። አንድ ቀን ሰው ሁሉ ገበያ ሲወጣ ከእማሆይ ወለተ ሐና ጓሮ፣ ዋንዛው ላይ ወጥቶ አወረደና አመጣልኝ። ከየት አመጣኸው ሳልል ጣቴን እየላስሁ በላሁ። እንግዲህ ከጥፋቱ ድርሻ አለኝ፤ አልክድም።

ግን በአንዲት ቀፎ ሰባት ዓመት ይፈረዳል ወይ? እኔ ይህን ስጠይቅ ነው የኖርሁት።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። እማሆይ ቀፎዬ ጠፋ ብለው ለጭቃ ሹሙ ለአያ ዘሩ አመለከቱ። አያ ዘሩም የግራር ውሃ ጊዮርጊስ አጥቢያ ወንድ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይውጣ ብለው አስነገሩ። አውጫጭኝ ያልደረሰበት ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ዕቃ ጠፍቶ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ይሰበሰባል። ጠዋት ይገባል፣ ሲመሽ ይለቀቃል፣ ሲነጋ ደግሞ ይመለሳል። ሌባው እስኪወጣ እርሻ የለም፣ ገበያ የለም፣ ምሳ የለም። የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ሜዳው ላይ ካለው ሾላ ሥር ይቀመጡና ሰው አንድ በአንድ እየቀረበ የሚያውቀውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ማን ምን እንዳለ አይወጣም። ሽማግሌዎቹ ብቻ ተነስተው «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ፤ በቃ፣ ወፍ ያለችው ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ወፏ ገና ምንም ሳትል ተስፋው በራሱ ተነሳ። ተስፋው ባሌ ነው። «ቀፎዋን የወሰድሁ እኔ ነኝ። ሰው እርሻው ይሂድ» አለ። አሳዝነውት ነው። መሬቱ ለስልሶ ዘር ሲጠብቅ ያ ሁሉ ገበሬ ሜዳ ላይ ተጎልቶ ሰማይ ሰማይ ሲያይ አላስችለው አለ። ልቡ እንዲህ ነው፤ ለዚህ ነው ያገባሁት፣ በዚህም ነው ስናደድበት የኖርሁት።

ይህን ጊዜ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። ግን በአጥቢያችን ሌባቸው ያልታወቀ ሌሎች ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ የአያ ባዬ በሬ፣ የእጅጉ በቅሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቃጭል። ለእነሱም ደግሞ ሌላ አውጫጭኝ መቀመጥ ሊመጣ ነው። ሰው ምን አሰበ መሰላችሁ? ይህ ሰው እንደሆነ መያዙ አይቀርም፤ ሁሉንም ይዞልን ይሂድ። ተመካክረው አይደለም፤ እያንዳንዱ በየልቡ ነው ያሰበው። ሄደው ሽማግሌዎቹ ጆሮ ላይ አንሾካሾኩ። ሽማግሌዎቹም ተነሱና «ወፍ በሬውንም እሱ ነው አለች፤ በቅሎዋንም፣ ቃጭሉንም እሱ ነው አለች» አሉ። ያችን ወፍ ባገኛት ላባዋን አንድ በአንድ በነጨሁላት ነበር።

ተስፋው መጀመሪያ አሻፈረኝ አለ። «ቀፎ ነው ያልሁ። በሬ አላልሁም» አለ። ያን ጊዜ የነፍስ አባታችን አባ ይሄይስ ወደ ጆሮው ተጠግተው፣ «ልጄ፣ በአንድ ነገር ቢወቅሱህም በአራት ቢወቅሱህም ወቀሳው ያው ነው። ሽማግሌ ገብቶ ካሳውን ቀለል ያደርግልሃል። ሕዝቡ ይነሳ» አሉት። እኛ አገር ነገር እንዲያ ነዋ የሚያልቅ፤ ያመነ ሰው ይክሳል፣ እግር ይስማል፣ ይታረቃል። አባም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ተስፋው ተነፈሰና «እሺ፣ እኔ ነኝ» አለ። ሰው እንደ ጎርፍ ከሜዳው ወጣ። ከሰዓት በኋላ አገሩ ሁሉ ሲያርስ ዋለ።

በዚያ ዓመት ግን የሌብነት ነገር ሁሉ ከተማ ይላክ የሚል ትእዛዝ ወርዶ ኖሯል። አያ ዘሩ ያመነውን በሙሉ አስጽፈው ላኩ። ከተማ ያለው ዳኛ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ላይ የከብት ሌብነት አለ፣ የበቅሎ ሌብነት አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ አለ፣ ከታች ደግሞ ቀፎ አለ። ሰባት ዓመት። ሲነገረን ቋንቋው ያልገባኝ መስሎኝ ሁለቴ አስደገምሁ። በላዩ ላይ የእኛ በሬ ወይኖ በጠፋው በሬ ካሳ ለአያ ባዬ ተሰጠ። በአንድ በሬ አይታረስ፤ የቀረውን ሸጥሁት፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁት። ስድስት ዓመት የመሬቴን ግማሽ ፍሬ ሌላ ሰው ሲያስገባው ቆሜ አየሁ።

ስንቁንም ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ፍኖተ ሰላም ወህኒ ቤት ድረስ በጀርባዬ አመላልሻለሁ። ይህን አላወራውም፤ የተሸከመ ያውቀዋል።

ተስፋው በሃምሳ ዘጠኝ፣ ግንቦት ሲገባ በምሕረት ተፈታ። ስድስቱን ጨርሶ አንዷ ተተወችለት። ልጃችን እህተ ማርያም፣ በብረት በር በኩል አባቷን አታይም ብዬ አንድም ቀን ወስጃት አላውቅም ነበርና፣ ፊቱ ላይ አፍጥጣ «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። ተስፋው ሳቀ። ሳቁ ግን የኔ ተስፋው ሳቅ አልነበረም።

ክፉ ነገር የተናገረው ሰው የለም። ይህ ነው የከፋው። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይሉታል፣ ያልፋሉ። ለወንፈል ግን የጠራው የለም። ማን በሬ የሌለውን ሰው ይጠራል፣ ያውም በበሬ የታሰረ ሰው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቅጥሩ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። የቃጭል ሌባ ገባ እንዳይሉኝ ነው ይላል። ቤት ሲመጣ እጁን እያየ ይቀመጣል። እጁ እንደ ቄስ እጅ ለስልሷል።

ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ፣ «ሰኔ ሚካኤልን ውዬ ሁመራ እሄዳለሁ» አለኝ። «የሰሊጥ ሥራ አለ አሉ። እዚያ ስሜን የሚያውቅ የለም።»

ከአጥቢያችን ሁመራ የወረዱት ሦስት ናቸው፤ የተመለሰው አንድ ነው፣ እሱንም ወባ ጨርሶት በሰው ትከሻ ነው የመጣ። ስድስት ዓመት ጠብቄ አሁን ልሸኘው ነው?

«ምን ቢሆንልህ ትቀራለህ?» አልሁት።

«ቢክሱኝ።»

«በምን? በእህል ነው? በከብት ነው?»

«ያልሰረቅሁትን ከስሜ ላይ ይውሰዱልኝ» አለ። «ሌላው ይቆየኝ።»

ሰኔ ሚካኤል ልትደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። በማግስቱ እጁን ይዤ ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ ሥር የሚቀመጥ የአቤቱታ ጸሐፊ አለ፤ የሚነቃነቅ ጠረጴዛውን በጉልበቱ ደግፎ፣ ብዕሩን ቀለም እያጠቀሰ፣ «ካሳ የሚጠየቀው ማን ላይ ነው እታለም?» አለኝ።

«ስድስት ዓመቱን የወሰደው ላይ።»

«ስም ያስፈልገዋል።»

«ስሙን ባውቅ አንተ ጋ ምን አመጣኝ፣ ቤቱ አልሄድም ነበር?»

ሳቀና እሱ እንደሚያውቀው አድርጎ ጻፈልኝ። ከሁለት ቀን ደጅ ጥናት በኋላ ገባን። ዳኛው መዝገቡን አስወጥቶ አነበበ። ወጣት ነው፣ ያን ጊዜ የፈረደው እሱ አይደለም። ቀና ብሎ ተስፋውን፣ «አራቱንም እኔ ነኝ ብለህ ነበር?» አለው።

«ብያለሁ ጌታዬ።»

«ማን አስገደደህ?»

«ማንም።»

እዚያው ልነክሰው ነበር። ማንም ይላል። አገር ሁሉ ተጭኖበት ማንም ይላል። ዳኛው ግን ደግ ሰው ነው፤ ቆጣ ሳይል አስረዳኝ። «ፍርዱ የቆመው በራሱ ቃል ላይ ነው። እኔ በዚህ ላይ ካሳ ልቆርጥ አልችልም። ወፍ ተናገረች ያሉት የአገራችሁ ሰዎች፣ ያልነው ልክ አልነበረም ካሉና ጽፈው ከፈረሙ መዝገቡን አየዋለሁ። ካሳውን ግን ከእነሱ ብትጠይቁ ይሻላል» አለ።

ስንመለስ መንኩሳን አልፈን ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ተስፋው ቀድሞኝ ይሄዳል። እኔ ግን በልቤ ሳብሰለስለው መጣሁ። አገሬው ቃሉን እንዴት ነው የሚያወጣ? ቤት ለቤት እየዞርሁ ብለምን ሁሉም «እኔ አላልሁም፣ ወፍ ናት ያለች» ይለኛል። ወፏን የሚያናግር አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤቴን አልፌ በቀጥታ አያ ዘሩ ደጅ ሄድሁ።

«አያ ዘሩ፣ በሬ ተሰርቆብኛል» አልኋቸው።

«በሬ አለሽ እንዴ አንቺ?»

«ወይኖ።»

«ወይኖማ ባዬ በረት ነው። በካሳ ነው የሄደው እኮ።»

«የት እንዳለ አውቃለሁ። ማን እንደሰረቀው ነው የማላውቅ። ተስፋው የአያ ባዬን በሬ አልወሰደም። ካልወሰደ የኔ በሬ በከንቱ ነው የሄደ፤ በከንቱ ከሄደ ሌባ ነው የወሰደው። ሌባው ይውጣልኝ። አውጫጭኝ ይቀመጥልኝ።»

«በዚህ በዘር ሰዓት? አብደሻል እንዴ?»

«ያን ጊዜስ መቼ ነበር? የዘር ሰዓት አልነበረም?»

አያ ዘሩ በትራቸውን አንስተው ወደ ቤታቸው ገቡ። ይሁን፣ አባ ይሄይስ አሉልኝ አልሁ። አባ ጓሯቸው ካለው የበርበሬ መደብ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ወፍራም ነበሩ ድሮ፤ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ከስተዋል፣ ለምን እንደከሱ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የሆነውን ሁሉ፣ ሁመራንም፣ የሚካኤልንም ቀጠሮ ነገርኋቸው። እጃቸውን አራገፉ፣ መስቀላቸውን ያዙና ወደ አያ ዘሩ ቤት ሄዱ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጥሩንባ ተነፋ፤ የአጥቢያው ወንድ ሁሉ ለአውጫጭኝ ይውጣ ተባለ።

ጉምጉምታው ለጉድ ነበር። «ለሴት ወሬ ብለን ዘራችን ሊበላሽ ነው» የሚለው ብዙ ነው። እኔ ግን ከሳሽ ነኝ፤ ከሾላው ፊት ለፊት ቆምሁ። ከሳሽ አይቀመጥም። ተስፋው ከሰው ሁሉ ጀርባ፣ ሜዳው ዳር ላይ ተቀመጠ። የአጥቢያው ወንድ ነውና እሱም መቅረት አይችልም።

የመጀመሪያው ቀን በከንቱ መሸ። ወደ ሽማግሌዎቹ የሚቀርበው ሁሉ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ይመለሳል። እግሬ አብጦ ቤቴ ገባሁ። ተስፋው «ተይው፣ አትልፊ» አለኝ። «አንተን ማን ጠየቀህ» አልሁት። ስድስት ዓመት ወህኒ የደረቀ ሰው ለአንድ ቀን መቆም ተይ ብሎ አይመክረኝም።

በሁለተኛው ቀን ከምሳ በፊት አባ ይሄይስ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሱ። ወደ ጆሮ አልሄዱም። ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ቃጭሉን የሰረቀው የለም» አሉ። «ሳላስፈቅድ ለጎረቤት ደብር በዓል ይዤው ሄድሁ። ስመለስ ጠላ ቤት ገባሁ። ወንዙን ስሻገር ከእጄ ወደቀ፤ ጎርፍ ነበር፣ ወሰደው። የደብሩን አለቃ ፈርቼ ተሰረቀ አልሁ። ያን ቀን ስለ ቃጭሉ የተናገረችው ወፍ እኔ ነበርሁ።»

አንድ ቄስ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። አባ በሰው መሃል እየተሻገሩ ሜዳው ዳር ድረስ ሄዱ፤ መስቀላቸውን ሣሩ ላይ አኑረው ተስፋው እግር ላይ ሊወድቁ ሲሉ ተስፋው ብብታቸውን ይዞ ቀጥ አደረጋቸው። «ይተዉ አባቴ፣ ይነሱ» አለ። እኔ ደግሞ ከሩቁ ሳየው ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፤ ተናደድሁ። ስድስት ዓመት ቁርባን ሲያቀብሉኝ፣ ንስሐ ሲቀበሉኝ፣ ስንቅ ስሸከም ሲባርኩኝ ያን ሁሉ ያውቁ ነበር። ንዴቱ ግን አልቆየልኝም። ከአራቱ አንዱ ከባሌ ላይ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ እጅጉ ተነሳ። እጅጉ ነገሩ ቁርጥ ያለ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። «እኔ በቅሎዬን ማን እንደወሰዳት አላውቅም» አለ። «ጅብም በልቷት ይሆናል፣ ሰውም ወስዷት ይሆናል። ያን ጊዜ እሱ ነው ሲባል አለመሆኑን ልቤ እያወቀ ዝም አልሁ። ዳጉሳዬን መዝራት ነበረብኝ።» ቆም አለና፣ «ዳጉሳውም ያን ዓመት አልያዘም» ብሎ ተቀመጠ። በቅሎዋ ምን እንደሆነች እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የቀረው የባዬ በሬ ነው። የከበደውም እሱ ነው፤ ከሰባቱ ዓመት አብዛኛው የመጣ በበሬው ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ዋለ። ሰው አንገቱን አስግጎ ደመናውን ያያል፣ ሽማግሌዎቹን ያያል፣ ከዚያ አያ ባዬን ያያል። ማንም ምንም አይለውም። ያ ሁሉ ዓይን ግን ሲያርፍበት ባዬ ጋቢውን ወደ ላይ ይስባል፣ ወደ ታች ይስባል። አጠገቡ ወንድሙ ሀይሉ ተቀምጧል። በሬው የሁለቱ ነበር፣ ከአባታቸው የወረሱት።

ሀይሉ ዞር ብሎ አየው። «ወንድሜ፣ በሬያችን የት ሄደ?» አለው። ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ተራ ነገር።

ባዬ ተነሳ። «ቡሬ ገበያ ወስጄ ሸጥሁት» አለ። «የመሬት ሙግቴ ገንዘብ ጨርሶብኝ ነበር። አንተን ማስፈቀድ ሲገባኝ አፈርሁ። ስመለስ ከመስክ ጠፋ አልሁህ። እንደምመልስልህ አስቤ ነበር፣ ሙግቱን ግን ተረታሁ። ከዚያ ተስፋው ቀፎዋን አመነ።» ተንፍሶ ወደ እኔ ዞረ። «ሀብትነሽ፣ ወይኖን ሲነዱልኝ አልቀበልም ማለት ነበረብኝ። ተቀበልሁ። ስድስት ዓመት አረስሁበት። ደጅሽን ባለፍሁ ቁጥር በሬው ወደ ቤትሽ ዞሮ ይጮህ ነበር።»

የምሰድብበት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምሁ። ሁሉንም ትቼ ዞሬ ተስፋውን አየሁት። ተስፋው ቀና ብሎ ተቀምጧል። ከወህኒ ከተመለሰ ጀምሮ ትከሻው እንዲያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ፊቱ ላይ ሲወርድ የሚታየው ነገር እንባ ይሁን ዝናብ ለየሁት አልልም፤ ዝናቡ እየጀመረ ነበር።

አያ ዘሩ ተነሱ። «ተስፋው» አሉ፣ ስሙን ጠርተው። «ነገሩ ወጥቷል። አውጫጭኙ የሚነሳው ከሳሹ ሲያነሳው ነው። ሚስትህ ያቆመችው ለአንተ ነው። እንግዲህ ምን ትላለህ?»

ተስፋው በዝናቡ ውስጥ መጥቶ ሾላው ሥር ደረሰ። ስድስት ዓመት አፉን የዘጋ ሰው ነው፤ እኔ የሚለውን ሁሉ አሰብሁት፣ እንዲላቸውም ተመኘሁ። አንድ ሳምንት ቢያስቀምጣቸው መብቱ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቢያስቀምጣቸው አልቃወምም ነበር።

«ዝናቡ መጥቷል» አለ። «መሬቱ ይበላሽባችኋል። ተነሱ፣ ሂዱ። እኔ ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

እንዲህ ብሎ አስነሳቸው። እኔን ብትጠይቁኝ አንቄ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር። ካሳው ገና አልተነገረም፣ በሬው ገና ባዬ በረት ነው፣ እሱ ደግሞ ሂዱ ይላቸዋል። በዚያ ዓመትም ያጠፋው ይህ ልቡ ነው። አፌን ከፈትሁ።

ከዚያ አየሁ። የተነሳ ሰው የለም።

ዝናቡ ይወርዳል፣ ውሃው በሰው አንገት ይገባል፣ ጋቢው ሁሉ ረጥቦ ትከሻ ላይ ተለጥፏል። በዚያ ወር ዝናብ ሲጥል ገበሬ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ማየት አይታሰብም። ሁሉም ተቀምጧል። አያ ዘሩ ግራ ገብቷቸው «ሰው ሆይ፣ ተለቃችኋል እኮ» አሉ።

እጅጉ ከተቀመጠበት ሳይንቀሳቀስ፣ «አንነሳም» አለ። «ያን ጊዜ ቶሎ ተነስተን ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ካሳው ይቆረጥ።»

ሽማግሌዎቹ እዚያው ዝናቡ ላይ ተነጋገሩ። ወይኖ ይመለስ፣ አርጅቷልና ባዬ አንድ ወይፈን ይጨምርበት፣ ጥማድ እንዲሆን። ባዬ «ሁለት ወይፈን እሰጣለሁ» አለ፤ ሀይሉም «አንዱ ከኔ ነው» አለ። የአጥቢያው ቤት ሁሉ በየዓመቱ ጥማዱን ይዞ አንድ አንድ ቀን የተስፋውን መሬት ይረስ፣ ስድስት ዓመት። ይህን ሲሉ ተስፋው እጁን አነሳ።

«አምስት ዓመት ተኩል አድርጉት» አለ። «የቀፎዋን አንሱልኝ። እሷ የኔ ናት።»

እማሆይ ወለተ ሐና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነው ሲያዳምጡ ኖሯል፤ «እኔ ከይቅርታ ሌላ የምፈልገው የለም፣ ስድስቱ ይሁን» ብለው ጮሁ። ሰው ሳቀ። ሜዳው ሙሉ ሳቀ። ተስፋው ራሱ ሳቀ፣ ይህ ደግሞ የኔ ተስፋው ሳቅ ነው። በመጨረሻ አምስት ዓመት ተኩል ሆነ፤ እልኸኛ ነው ባሌ።

የአጥቢያችን ደብተራ ልጅ ሾላው ሥር ተሸሽጎ፣ ወረቀቱን በጋቢ እየከለሉለት የሁሉንም ቃል ጻፈ። አንድ በአንድ እየመጡ አውራ ጣታቸውን አተሙ። የቀለሙ ውሃ በእጃቸው እየወረደ ነው የሚያትሙት። አባ ይሄይስ መጀመሪያ አተሙ፤ «ይህን ፍኖተ ሰላም ለዳኛው በእግሬ ይዤ የምሄድ እኔ ነኝ» አሉ። ዳኛው መዝገቡን ምን እንደሚያደርገው ያን ጊዜ ማንም አያውቅም፤ እኔም ግድ አልነበረኝም። ልሰማው የፈለግሁትን እዚያው ሰምቼዋለሁ።

«ሁመራስ?» አልሁት ተስፋውን፣ አጠገቤ ሲደርስ።

«ይህን ሁሉ ገበሬ ማን ያሳርሰዋል እኔ ከሄድሁ?» አለ።

ማተሙ አለቀ። ሰው ግን አሁንም ተቀምጧል። አያ ዘሩ ሰውን ያያሉ፣ ሰው ተስፋውን ያያል። ቆይቶ ገባኝ። ከሱ በፊት ማንም ሊነሳ አልፈለገም። ተስፋውም ገባው መሰለኝ፤ ዞሮ በጭቃው ላይ ቁልቁል ወደ ማሳዎቹ መሄድ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው አገሩ ሁሉ የተነሳ፣ ቀስ እያለ፣ ከኋላው።

እኔ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከቆምሁበት ቦታ፣ እዚያው ጭቃው ላይ፣ እፎይ ብዬ ቁጭ አልሁ።